የገጠር ፀሐይ ኃይል ማመንጫ ዕቅድና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተያየት፦ ሁምቦ ተበላን በምሳሌነት

በገጠር ቀበሌ ሊገነባ የታሰበ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየደረጃው በሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይመረመራል። የአካባቢ ጥበቃ፣ የመሬት አስተዳደር፣ የኢነርጂ፣ የግብርናና የውሃ መሥሪያ ቤቶች በዕቅዱ ላይ የሚሰጡት የጽሑፍ አስተያየት ፕሮጀክቱ እንዲፈቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ እንዲፈቀድ ወይም እንዲከለከል መሠረት ይሆናል። በኢትዮጵያ የፀሐይ ብርሃን እጥረት እንደሌለ የታወቀ ነው። የአገሪቱ አማካይ የፀሐይ ጨረር መጠን በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። በመሆኑም ብዙ ሕዝብ በሚኖርበት የገጠር አካባቢ አስተያየት ሰጪ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሊመዝነው የሚገባው ጉዳይ የብርሃኑ ሳይሆን የመሬቱ ጉዳይ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ወረዳው ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ቅርብ ነው፤ ሞቃትና ፀሐያማ ቆላ አለው፤ የእርሻ መሬት ጥበት አለበት፤ በማኅበረሰብ የተያዘና ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመበት ደንም አለው።

የሁምቦ ወረዳና የተበላ ከተማ አጠቃላይ ገጽታ

የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ተበላ (ጠበላ ተብላም ትጻፋለች) ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ወረዳው ከተራራማው ክፍል ተነሥቶ እስከ ዓባያ ሐይቅ ዳርቻ ይዘልቃል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የወላይታ ዞን ሕዝብ ብዛት ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ነበር። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ350 በላይ ሰው ይኖር እንደነበር ያመለክታል። በዚያው ቆጠራ የሁምቦ ወረዳ ሕዝብ ከ125 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ ይኖር የነበረው ከአምስት በመቶ ያነሰ ነው። ከቆጠራው ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር አድጓል፤ መሬቱ ግን አልሰፋም።

በኤሌክትሪክ ረገድ አካባቢው በአገሪቱ ካሉት ዋና ዋና መገናኛዎች አንዱ ነው። በወላይታና በዳውሮ ዞኖች መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት የኃይል ማመንጫ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የሚዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ጅረት መስመር 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር ርዝመትና እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው ሲሆን፣ የኃይል ሽያጩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው።

ለማከፋፈያ ጣቢያ ቅርብ መሆን ለባለሀብት ትልቅ ማበረታቻ ነው። ረጅም የማስተላለፊያ መስመር የመዘርጋት ወጪን ይቀንሳል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑም በበጋ ቀን የሚመነጭ የፀሐይ ኃይል የግድብ ውሃ ለመቆጠብ ይረዳል። ሆኖም ይህ የኢነርጂው ዘርፍ ምክንያት ነው፤ የመሬቱና የነዋሪው ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል።

አስተያየት የመስጠት የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክሩ፣ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኙ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቷል።

ይህን መሠረት በማድረግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለፕሮጀክቱ ይሁንታ መስጠቱን እንዲያረጋግጥ ደንግጓል። ባለፕሮጀክቱ በሚያቀርበው የጥናት ዘገባ የፕሮጀክቱ ባሕርይና ቴክኖሎጂ፣ የሚያስከትላቸው ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆኑ ተፅዕኖዎች፣ የማቃለያ እርምጃዎች፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዲሁም የክትትል ሥርዓት እንዲካተቱም አዝዟል።

መሥሪያ ቤቱ ዘገባውን፣ የሕዝቡን አስተያየትና የባለሙያዎችን ሐሳብ መርምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከሦስት ውሳኔዎች አንዱን እንዲሰጥ በአዋጁ ተደንግጓል። እነዚህም ፕሮጀክቱ ጉዳት እንደማያስከትል ሲታመንበት ያለ ቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ ጉዳቱን ለማቃለል መሟላት ያለባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ዘርዝሮ መፍቀድ፣ ጉዳቱን በአጥጋቢ ሁኔታ ማስወገድ የማይቻል ሲሆን ደግሞ መከልከል ናቸው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችልና በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲያገኝም ተደርጓል።

በሥልጣን ክፍፍል ረገድ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወይም ቁጥጥር ሥር የሚወድቁና ከአንድ ክልል በላይ ተፅዕኖ የሚያሳድሩ ፕሮጀክቶች በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ ሌሎቹ ደግሞ በክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲታዩ አዋጁ ወስኗል። በመሆኑም ኃይሉን ለብሔራዊ ቋት የሚሸጥ ትልቅ ጣቢያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ ሲጠይቅ፣ የአንድ ቀበሌ አነስተኛ ጣቢያ በአብዛኛው ከክልሉና ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ጋር ይያያዛል።

የግምገማው ነፃነት ከዚህ ቀደም ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግምገማ ሥልጣኑን ለሴክተር መሥሪያ ቤቶች በውክልና አስተላልፎ ነበር። አንድ ዘርፍ ራሱ የሚያስፋፋውን ፕሮጀክት ራሱ ሲገመግም የጥቅም ግጭት እንደሚፈጠር በመጥቀስ አሠራሩን የተቹ ጥናቶች ቀርበዋል። ትችቱ የአካባቢና የመሬት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት አስተያየት ከኢነርጂው ዘርፍ ፍላጎት ራሱን ችሎ መቆም እንዳለበት ያስገነዝባል።

የመሬት ስሌት

በመሬት ላይ ለሚተከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በአንድ ሜጋ ዋት በግምት ከ2 እስከ 3 ሄክታር መሬት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከ10 እስከ 15 ሄክታር፣ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ደግሞ ከ200 እስከ 300 ሄክታር ይይዛል።

ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ 15 ሄክታር አነስተኛ ሊመስል ይችላል። እንሰት፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ በአንድ ጓሮ በሚለሙበት የወላይታ ገጠር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ግማሽ ሄክታር ይዟል ቢባል እንኳ 15 ሄክታር የ30 አባወራዎች ይዞታ ነው። መቶ ሜጋ ዋት ሲሆን ስሌቱ ከ400 እስከ 600 አባወራዎች ይደርሳል። ስለዚህ በዕቅድ ሰነድ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ በእርግጥ ባዶ መሆኑን በአካል ተገኝቶ ማረጋገጥ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያ ተግባር ነው። በበጋ ባዶ የሚመስል መሬት በክረምት የከብት ግጦሽ፣ የሣር ማጨጃ ወይም ወደ ውሃ መውረጃ መንገድ ሊሆን ይችላል።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሣ በተመለከተ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሣና ምትክ መሬት ለማያገኝ የገጠር ባለይዞታ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የሚሆን የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈል አድርጓል። በ1997 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ያስቀመጠው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። ጭማሪው ከፍ ያለ ቢሆንም የፀሐይ ጣቢያ የኃይል ሽያጭ ውል ብዙውን ጊዜ ለ20 ዓመታት የሚፈረም በመሆኑ ካሣው ከጣቢያው ዕድሜ አስቀድሞ ሊያልቅ እንደሚችል ልብ ሊባል ይገባል።

የሁምቦ ደን ተሞክሮ

በሁምቦ የመሬት ጉዳይ አዲስ አይደለም። የወረዳው ተራሮች ደን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለእርሻ ሲባል ለረጅም ዓመታት ተመንጥሮ ቆይቷል። ወርልድ ቪዥን ከመንግሥትና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመተባበር ባካሄደው ሥራ የተመነጠሩ ዛፎች ጉቶ ተገርዞና ተከልሎ ደኑ በተፈጥሮ እንዲያገግም ተደርጓል። የለማው መሬት 2 ሺህ 728 ሄክታር ነው።

ሥራው ሲጀመር ብዙ አርሶ አደሮች መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበር። ሥጋቱ የተወገደው በቃል ማብራሪያ ብቻ አይደለም። ሰባት የደን ልማትና ጥበቃ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብት የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በ30 ዓመታት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስወግድም ታሰበ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ከዚሁ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ስምምነት አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ73 ሺህ በላይ የካርቦን ክሬዲት ተሰጥቶታል።

ከዚህ ተሞክሮ ለፀሐይ ኃይል ዕቅድ ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ ዛፍ የሌለበት ኮረብታ ሁሉ ለሌላ ፕሮጀክት ክፍት መሬት አለመሆኑ ነው፤ የማኅበራት የመጠቀም መብትና የካርቦን ውል ያለበት መሬት በካርታ ተለይቶ ከምርጫው አስቀድሞ መውጣት አለበት። ሁለተኛው፣ በሁምቦ ነዋሪው ፕሮጀክትን የሚመዝነው በተገባለት ተስፋ ሳይሆን በእጁ በገባው የምስክር ወረቀት መሆኑ ነው።

መተሃራ፣ ጋድና ዲቸቶ

ኢትዮጵያ ትላልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎችን በግል ባለሀብት ለማስገንባት ያደረገችው ጥረት ለአስተያየት ሰጪዎች ተጨማሪ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያ ክልል በመተሃራ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ የመገንባቱን ጨረታ የጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር የመራው ኅብረት አሸነፈ። በወቅቱ ጣቢያው 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚጠይቅና በዓመት 280 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚያመነጭ ተገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ክልል ዲቸቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎችን ለመገንባት የሳዑዲ ዓረቢያው አክዋ ፓወር በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ዋጋ አቅርቦ አሸነፈ። ዋጋው በአፍሪካ ከቀረቡት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነበር። ሦስቱም ጣቢያዎች ግን በታሰበው ጊዜ አልተገነቡም።

የጨረታ አሸናፊ መታወቁ ጣቢያው መገንባቱን አያረጋግጥም። በዚህ መካከል መሬቱ ለፕሮጀክት ተከልሎ ከቆየ አርሶ አደሩ ቋሚ ተክል ለመትከል፣ ቤት ለመሥራት ወይም ማሳውን ለማሻሻል ያመነታል፤ ካሣም ገና አልተከፈለውም። ስለዚህ በይሁንታው ደብዳቤ ሥራው የሚጀመርበትን የጊዜ ገደብና ካልተጀመረ መሬቱ ያለ ተጨማሪ ሥነ ሥርዓት ለባለይዞታው ነፃ የሚሆንበትን ሁኔታ ማስፈር ተገቢ ነው።

ጋድና ዲቸቶ አርብቶ አደር በሚበዛባቸው ክልሎች የሚገኙ ሲሆን፣ በዚያ ዋነኛው ጥያቄ የግጦሽና የከብት መተላለፊያ ነው። በሁምቦ ግን ጥያቄው የጓሮና የማሳ ጉዳይ ስለሚሆን በአንዱ አካባቢ የተዘጋጀን የአስተያየት ቅጽ ለሌላው መገልበጥ አይጠቅምም።

ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቅ አስተያየት

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉ ተቋማት በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። በመሆኑም የአንድ ዕቅድ ሰነድ በርካታ ከተሞችን ሊዞር ይችላል። የየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ከታወቀ መጓተቱን መቀነስ ይቻላል።

የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የባለይዞታዎችን ቁጥር፣ የይዞታ ደብተራቸውን፣ የወል መሬቱን ተጠቃሚዎችና ያሉትን አማራጭ ቦታዎች ዘርዝሮ ያቀርባል። አማራጭ ቦታ ያልታየበት ጥናት እንዲመለስ ቢደረግ አግባብነት ይኖረዋል።

የግብርና መሥሪያ ቤት የአፈሩን ለምነትና የሚታጣውን ምርት ያሰላል። ፓኔሎቹ ከፍ ብለው ቢተከሉ ከሥራቸው ሣር ማጨድ ወይም በግና ፍየል ማሰማራት ይቻል እንደሆነም አስተያየት ይሰጣል። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮች የተለመደ ሲሆን መሬት ለጠበበበት ወረዳ ተስማሚ ነው።

የውሃ መሥሪያ ቤት ፓኔል ለማጠብ የሚያስፈልገው ውሃ ከየት እንደሚመጣና የነዋሪውን የመጠጥ ውሃ ይነካ እንደሆነ ይመረምራል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቆላው በሚደርስበት አካባቢ የተደለደለ መሬትና የተዘረጋ አጥር የጎርፉን አቅጣጫ ለውጦ የጎረቤት ማሳ እንዳያጥብ የመፋሰሻ ዲዛይን ሊጠየቅ ይገባል።

የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዛፍ ምንጣሮውን፣ የዱር እንስሳትን፣ የግንባታ ጊዜ አቧራና ቆሻሻን ይገመግማል። ባትሪ የሚጠቀም ጣቢያ ከሆነ አሮጌው ባትሪ የሚወገድበትን መንገድ፣ ጣቢያው ሥራውን ሲጨርስም ፓኔሉንና የብረት መደገፊያውን ማን ነቅሎ መሬቱን እንደነበረ እንደሚመልስና ለዚህ የሚውለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያደርጋል።

የኢነርጂ መሥሪያ ቤቶች ጣቢያው ከብሔራዊው ቋት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ የማስተላለፊያ መስመሩ የሚያልፍባቸውን ማሳዎችና የታሪፉን ሁኔታ ያስረዳሉ። መስመሩ የሚይዘው መሬት ከጣቢያው ስፋት ጋር አብሮ ካልተቆጠረ የተጎጂዎች ቁጥር አንሶ ይቀርባል።

የሕዝብ አስተያየትና የኃይሉ ተጠቃሚ

በአዋጁ መሠረት ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ መሆንና የሕዝቡ፣ በተለይም ተፅዕኖው የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው መካተት አለበት። በሁምቦ ገጠር ይህ ተግባራዊ የሚሆነው የጥናቱ ማጠቃለያ በወላይትኛ ሲቀርብ ነው። ስብሰባው በዘርና በአጨዳ ወቅት እንዳይጠራ፣ ሴቶችና የይዞታ ደብተር የሌላቸው ወጣቶችም እንዲገኙ ማድረግ ያስፈልጋል። በቃለ ጉባኤው ላይ የተሳታፊዎች ፊርማ ብቻ ሳይሆን የተነሡት ጥያቄዎችና የተሰጠው ምላሽ በዝርዝር ሊሰፍሩ ይገባል። ፊርማው መገኘትን እንጂ መስማማትን አያሳይም።

በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች የሚጠበቀው ቀዳሚ ጥያቄ «መብራቱ ለእኛ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መስመር በመንደር ላይ ስላለፈ ብቻ መንደሩ መብራት አያገኝም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 ከሕዝቡ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች ተጠቃሚ ለማድረግ አቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ባንክ ለዚሁ ተደራሽነት 500 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ድጋፍ አጽድቋል።

በመሆኑም የአንድ ቀበሌ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮና የመስኖ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ አነስተኛ ጣቢያ ከአንድ ትልቅ ጣቢያ ጋር በእኩል ሚዛን ሊመዘን አይችልም። የመጀመሪያው የሚወስደው መሬት ጥቂት ሲሆን ጥቅሙ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው መሬቱን ከአንድ ቀበሌ ወስዶ ኃይሉን ለአገር፣ አንዳንዴም ለጎረቤት አገር ይሰጣል። ትልቁ ጣቢያ ለአገር ጥቅም ሲባል የሚፈቀድ ከሆነ መሬቱን ለለቀቀው ቀበሌ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር መዘርጋት ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ሆኖ ሊጻፍ ይገባል።

ከይሁንታ በኋላ

በተለመደው የቢሮ አሠራር «በመሥሪያ ቤታችን በኩል ተቃውሞ የለም» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ፋይሉን ቶሎ ያንቀሳቅሰዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለባለሀብቱም ሆነ ለአርሶ አደሩ ዋስትና አይሆንም። በኋላ ክርክር ሲነሣ ምን ተገምግሞ እንደተፈቀደ የሚያሳይ ሰነድ አይገኝም። ቅድመ ሁኔታው የሚፈጸምበትን ጊዜ፣ የሚፈጽመውን አካልና የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት ለይቶ የጻፈ አስተያየት ግን ለክትትልም ሆነ ለአቤቱታ መነሻ ይሆናል።

የዝግጅቱ ሥራ መጠናቀቅ ያለበት ዕቅድ ከመቅረቡ በፊት ነው። ወረዳው የይዞታ መዝገቡን፣ የማኅበራቱን ደን፣ የወል ግጦሹንና የጎርፍ መውረጃውን በአንድ ካርታ አዘጋጅቶ ከያዘ 15ቱ የሥራ ቀናት ለእውነተኛ ምርመራ ይበቃሉ። ካርታው ከሌለ ግን ቀናቱ ደብዳቤ በመመላለስ ያልቃሉ፤ ውሳኔውም በ20 ዓመት የሚቆጠር ጊዜ ከመሬቱ ጋር በሚኖረው አርሶ አደር ላይ ይወድቃል።